ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ

ይህን ጽሑፍ ለሰው ከማሳየቴ በፊት እሷ አንብባዋለች። አንድ አንቀጽ ሙሉ በሙሉ አስወጥታኛለች። አንድ ቃል ደግሞ ከጽሑፉ ሁሉ አስለቅማኛለች፦ "ተጠቂዋ" እያልኩ ነበር የጻፍኩት፣ "ተማሪዋ ይበሉ፣ ዛሬም ተማሪ ነኝ" አለችኝ። ስሟ የለም። የትምህርት ክፍሏ፣ የመጣችበት አገር፣ ወሩ፣ ዓመቱ የለም። ከቀሩት ዝርዝሮችም አንዳንዶቹን ሆን ብለን ቀይረናቸዋል። ሐዋሳ መሆኑ እንዲቀር ግን ፈቅዳለች። "ሐዋሳ ትልቅ ናት፣ ትደብቀኛለች" አለች።

እኔ እዚህ ከተማ ባለ አንድ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ። ከማስተማሩ ጎን ጥቃት የደረሰባቸው ተማሪዎች ሲመጡ አብሬያቸው ሆስፒታል የምሄድ፣ ቢሮ ለቢሮ የምዞር፣ ሲፈልጉም ዝም ብዬ አጠገባቸው የምቀመጥ ሰው ነኝ። ለዚህ ሥራ ጥሩ ስም አላገኘሁለትም። ጠበቃ ስል ሰው ፍርድ ቤት ያስባል። አማካሪ ስል ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጣ ምክር የምታድል ሴት ትታየኛለች። ተማሪዎቹ "ቲቸር" ይሉኛል፣ በቃ።

ከዚህ የከበዱ ጉዳዮች አይቻለሁ። ሚስጥር በየት በኩል እንደሚያመልጥ ያሳየኝ ግን ይሄኛው ነው፣ አንዱ ቀዳዳ የኔው እጅ ነበርና።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ደወለች። ስልኬን ከአንዲት ሲኒየር ተማሪ ነው ያገኘችው። "ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ" አለችና ዝም አለች። ይሄን ዝምታ አውቀዋለሁ። "አሁን የት ነሽ?" አልኳት። መናኸሪያ ነበረች፣ ቦርሳዋን ይዛ። ወደ ቤተሰቦቿ አገር የሚሄደው መኪና እየሞላ ነው። ለማንም ሳትናገር ልትሄድ ነበር፣ ሚድ ፈተና ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው። "መሄድ ትችያለሽ፣ ነገም መኪና አለ። መጀመሪያ ግን አንድ ሻይ እንጠጣ" አልኳት። አቶቴ አካባቢ ያለው ቤቴ መጣች።

የሆነውን ዝርዝር አልጽፍም። ዓርብ ማታ፣ ከጊቢ ውጭ፣ የምታውቀው ልጅ፣ አንድ ሴክሽን አብሯት የሚማር። ይሄ ይበቃል።

ልትናገር አፏን ስትከፍት አስቆምኳት። ይሄ ጭካኔ ሊመስል ይችላል፣ ሁለት ቀን ያፈነችውን ልትተነፍስ ስትል ስለ ደንብ ማውራት። ነገር ግን የሚስጥሩን ድንበር ሁሉንም ከሰማሁ በኋላ ብነግራት አታለልኳት ማለት ነው። እንዲህ አልኳት፦ "የምትነግሪኝን ያላንቺ ፈቃድ ለማንም አልናገርም። ለዲኑም፣ ለቤተሰብሽም፣ ለጓደኞችሽም። ሦስት ነገር ብቻ አለ። ራስሽን ልትጎጂ ነው ብዬ ከፈራሁ ብቻዬን ይዤው አልቀመጥም። ዕድሜሽ ከ18 በታች ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ፍርድ ቤት በትእዛዝ ከጠየቀኝም ዝም ማለት ላልችል እችላለሁ።" 18 ካለፋት ቆይቷል። ትንሽ አሰበችና "ፖሊስ ጋ ካልሄድኩ አይረዱኝም?" አለች። እረዳሻለሁ አልኳት። ከዚያ ነገረችኝ።

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 399 የሙያ ሚስጥር የሚያወጣ ሰውን ይቀጣል። ሐኪሙን፣ ነርሷን፣ ፋርማሲስቱን፣ ጠበቃውን በየሙያቸው ይጠራቸዋል። እኔ ከእነዚህ አንዷም አይደለሁም። ስለዚህ ማድረግ ከምችለው በላይ ቃል መግባት የለብኝም። ማስታወሻ ስይዝም ታሪኩን አልጽፍም። ደብተሬ ላይ ያለው "እሑድ 9 ሰዓት መጣች፣ 11፡30 ሆስፒታል" የሚል ብቻ ነው። ያልተጻፈ ነገር አይጠፋም፣ አይሰረቅም፣ ማንም አምጪ ብሎ አያስወጣውም።

ሰዓቱን ቆጠርኩ። ዓርብ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አሁን እሑድ ዘጠኝ ሰዓት። 42 ሰዓት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይሻላል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ድረስ ሊወሰድ ይችላል፣ እሱም ቢሆን በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። ተማሪዋ ቅዳሜ ጠዋት ብቻዋን ፋርማሲ ሄዳ ፖስትፒል ገዝታ ውጣለች። ኤችአይቪን ግን አላሰበችውም። ማን ያስባል በዚያ ሰዓት? ደግሞ ሆስፒታል ከሄደች በግድ ፖሊስ የሚጠራባት መስሏት ነበር። ብዙዎቹ እንደዚህ ነው የሚያስቡት፣ ቀኑም የሚያልፍባቸው በዚህ ፍርሃት ነው። ለመታከም መክሰስ አያስፈልግም። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያም ሕክምናው በክስ ላይ መንጠልጠል የለበትም ነው የሚለው።

ባጃጅ ይዘን ሄድን። ባጃጅ ውስጥ ስለ ፈተና ብቻ አወራን፣ ሹፌሩ እንዳይሰማ።

ካርድ ክፍል መስኮት ጋ ስንደርስ ጸሐፊው "ምንሽን ነው ያመመሽ?" አለ፣ ከኋላችን ያለው ሰልፍ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብሎ። እሷ ወደ መሬት አየች። "ለሐኪሙ ነው የምንነግረው" አልኩት። እሺ ብሎ ጻፈ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በኋላ ለብዙ ተማሪዎች አስተምሬአታለሁ፣ በየትኛውም መስኮት ትሠራለች። አንዳንድ ሆስፒታሎች ለዚህ የተለየ ክፍል አላቸው። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት ማለቴ ነው፣ ሐኪሙም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውም፣ ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም አንድ ጣራ ሥር የሚገኙበት። እሑድ ማታ ላይ ግን የምታገኚው ድንገተኛ ክፍሉን ነው።

ዕድል ሆኖ ተረኛዋ ጥሩ ሐኪም ነበረች። ወጣት ናት። እያንዳንዱን ነገር ከመንካቷ በፊት ጠየቀች፣ እንቢ ስትባልም ፊቷን አላጠቆረችም። ተማሪዋ ክንዷ ላይ ያለው ምልክት እንዲመዘገብ ፈቀደች፣ አንዱን ምርመራ ደግሞ አልፈልግም አለች። ይሄንን አታውቅም ነበር፣ ግማሹን እሺ ግማሹን እንቢ ማለት እንደሚቻል። ዓርብ የለበሰችውን ልብስ ሳታጥበው በፌስታል ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች። ሐኪሟ ፌስታሉን ስታይ "ላስቲክ ያልበዋል፣ ወረቀት ይሻላል" አለች። እኔ ወጥቼ ከዳቦ ቤት ባዶ የወረቀት ከረጢት ለምኜ አመጣሁ። የኤችአይቪ ምርመራ፣ የእርግዝና ምርመራ፣ የጉበት ክትባት፣ ለአባላዘር በሽታ አንቲባዮቲክ፣ ለ28 ቀን የሚወሰድ ክኒን። ደግሞ በስድስተኛው ሳምንትና በሦስተኛው ወር ተመልሳ እንድትመረመር ቀጠሮ።

ፖሊስ አልፈለገችም። እኔም አልገፋሁም። ሐኪሟ ያየችውን ሁሉ ካርዷ ላይ በጥንቃቄ ጻፈችው። ሌላ ቀን ሐሳቧን ብትቀይር የሚጠብቃት ነገር አለ ማለት ነው። በሩን ዘግታ አልሄደችም፣ ገርበብ አድርጋው ሄደች።

የክኒኑ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነው ነው የሚኖሩት። ጠርሙሱን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከቦርሳ ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ ሳይቀር። አንዲት የዶርም ጓደኛ ብታየው ስለ ተማሪዋ ሁለት የተሳሳቱ ታሪኮች በአንድ ማታ ሊወለዱ ይችላሉ። ፋርማሲስቷን አማከርናት። ማድረቂያዋን ትንሽ ከረጢት ጨምራ ክኒኖቹን ወደ ሌላ ጠርሙስ ገለበጠችልን፣ አወሳሰዱንም በትንሽ ወረቀት ጻፈችላት። ከጊቢ ካፌ እራት በልታ ስትመለስ ትወስደዋለች፣ ሲያቅለሸልሻት ተኝታ እንድታሳልፈው።

በየማታው ሦስት ሰዓት ላይ መልእክት ትልክልኝ ነበር። መልእክቱ "።" ነው። አራት ነጥብ ብቻ። ውጬዋለሁ፣ ደህና ነኝ ማለት ነው። ሐሳቡ የሷ ነው። ስልኳን ማንም ቢያየው ምንም አይገባውም። እኔም መልሼ "።" እልካለሁ።

በ17ኛው ማታ አራት ነጥቡ አልመጣም። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። እዚህ ላይ ነው ሚስጥር መጠበቅ የሚከብደው። የዶርም ተቆጣጣሪዋ፣ ፕሮክተሯ ጋ ብደውል ሕንፃው ሁሉ ይሰማል። ባልደውልስ? የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይሄን አስበንበት ነበር። "ድንገት ብትጠፊብኝ ለማን ልደውል?" ብያት አንድ ስም ሰጥታኛለች፣ የልብ ጓደኛዋን፣ ሌላ ብሎክ የምትኖር። ለሷ ብቻ ደወልኩ። "ሄደሽ እያት፣ ምንም አትጠይቂያት" አልኳት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደወለች። መብራት ጠፍቶ ስልኳ ሞቷል፣ እሷም ክኒኑን ውጣ እንቅልፍ ወስዷታል። ያን ማታ እኔ አልተኛሁም። ያችን አንዲት ስም ግን አሁን ከማንም ተማሪ ጋር ስንጀምር አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ተማሪዋ ከተቋሙ የፈለገችው ሁለት ነገር ነው። ሴክሽን መቀየር፣ ምክንያቱም በየቀኑ አንድ ክፍል ውስጥ ከሱ ጋር ትቀመጣለች። ዶርም መቀየር፣ ምክንያቱም የሱ የቅርብ ጓደኛ ፍቅረኛ አጠገቧ ነው የምትተኛው። ሁለቱም በደብዳቤ ነው የሚሆነው። ደብዳቤውን እኔ ጻፍኩት፣ ሰኞ ማታ፣ ቸኩዬ። "ተማሪዋ በደረሰባት ጾታዊ ጥቃት ምክንያት" ብዬ ጀመርኩ። ጠንከር ያለ ቃል ካልገባበት ወር ይፈጃል ብዬ ነው። ፖስታው ላይ "ሚስጥር" ብዬ ጻፍኩና አስገባሁት።

ደብዳቤ በኛ ቢሮዎች እንዴት እንደሚሄድ እያወቅኩ ነው ይሄን ያደረግኩት። መዝገብ ቤት ተከፈተ። ቁጥር ተሰጠው። ትልቁ መዝገብ ላይ ጉዳዩ ከነስሟ በአንድ መስመር ተጻፈ። ዲኑ ዘንድ ገባ፣ እሳቸውም በቅንነት በዚያው ቀን "ይፈጸም" ብለው መሩት። የመልሱ ደብዳቤ ተጻፈ፣ የኔን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ቃል በቃል ይዞ። ከግርጌው ደግሞ፦ ግልባጭ፣ ለሬጅስትራር። ግልባጭ፣ ለትምህርት ክፍሉ። ግልባጭ፣ ለመኝታ አገልግሎት። ግልባጭ፣ ለፕሮክተሮች አስተባባሪ። ግልባጭ፣ ለጥበቃ ክፍል። አምስት። እያንዳንዱ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው አለ። ማንም ክፋት አላደረገም፣ መዝገብ ቤት ያለችውም እህት ሥራዋን ነው የሠራችው። በአራተኛው ቀን አንዲት የዶርም ጓደኛዋ እቃዋን ስታሰናዳ አግኝታት "የምንሰማው ነገር እውነት ነው እንዴ?" አለቻት።

በዚያው ቀን ቢሮዬ መጣች። በሩን ዘጋችና ቆመች። "ቲቸር፣ ከእርስዎ ነው የወጣው" አለች።

አዎ፣ አልኳት። ይቅርታ ጠየቅኳት። አላለቀሰችም። "ደብዳቤው ከመሄዱ በፊት ለምን አላሳዩኝም?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። ስለሷ የተጻፈ ወረቀት ነው፣ አምስት ቢሮ አንብቦታል፣ እሷ ግን አላየችውም። ሐሜተኛ ተማሪ፣ ወሬኛ ፕሮክተር እያልን እንሳደባለን። ይሄኛውን ወሬ ያሰራጨው ግን ማኅተም ያለው ወረቀት ነው፣ መጀመሪያውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ሌላ ሰው ትፈልግ እንደሆን ጠየቅኳት፣ ሁለት ስም ሰጠኋት። አንድ ቀን አስባ ተመለሰች፣ ከአንድ ሁኔታ ጋር፦ ከእንግዲህ ማንኛውም ወረቀት ሁለታችንም ሳናነበው አይወጣም።

እንግዲህ እንደገና ጻፍነው፣ አብረን፣ እሷ እየተናገረች። አዲሱ ደብዳቤ የሚፈለገውን ብቻ ነው የሚለው፣ ለምን እንደተፈለገ አይልም። "ከዚህ ሴክሽን ወደዚያ እንድትዛወር።" መጀመሪያ "ምክንያቱ በዲኑ ዘንድ ይታወቃል" ልል ነበር፣ እሷ አስወጣችው። "ይሄን ያነበበ ሰው ሄዶ ዲኑን ይጠይቃል" አለች፣ ልክ ናት። "በጤና ምክንያት" አልን፣ ውሸትም አይደለም። የዶርሙን ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ደብዳቤ እንዳይሆን ለመንን። ስሟ ዶርም ለመቀየር ከጠየቁ ሌሎች አሥራ አንድ ተማሪዎች ጋር በአንድ ዝርዝር ገባ። ከዝርዝር ውስጥ ያለን ስም ማንም አያየውም። ዲኑ ግልባጭ እንዳይኖረው ሲባሉ መጀመሪያ ተገረሙ፣ ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ አይተው አያውቁም። ነገሩን ሳስረዳቸው ግን ራሳቸው ተነሥተው የቀድሞዎቹን ቅጂዎች ማስሰብሰብ ጀመሩ። አራቱ ተመለሱ። አምስተኛው እስካሁን አልተገኘም።

ወሬው ግን ቀድሞ ወጥቷል። ከጊቢ ወደ ልጁ ዘመዶች፣ ከዘመዶቹ ወደ ታላቅ ወንድሟ። ወንድሟ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ሐዋሳ መጣ። አንድ ዘመድ ቤት እንድትመጣ ጠሯት። "ቲቸር፣ አብረውኝ ይምጡ፣ እዚያ ግን እኔ ነኝ የማወራው" አለችኝ። ሄድኩ፣ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከመካከላቸው ትልቁ በለሰለሰ ድምፅ ነው የተናገሩት። "ልጄ፣ አንቺም ገና ነሽ፣ እሱም ገና ነው። ይቅርታ ይጠይቅሽ፣ ካሳም ይካስሽ። ካልሽም በወግ በማዕረግ ይውሰድሽ። የሁለታችሁም ሕይወት አይበላሽ።" ክፍሉ ጸጥ አለ። እሷ ነጠላዋን አስተካከለችና "አባባ፣ እኔ ምንም አላበላሸሁም" አለች። ከዚያ ሌላ አንድም ቃል አልጨመረችም። የሆነውን ንገሪን ቢሏትም አልተናገረችም፣ እነሱ ፊት የመናገር ግዴታ እንደሌለባት አስቀድመን ተነጋግረናል።

ሽምግልናን አልንቅም። የአጥር ጠብ፣ የውርስ ጠብ፣ ባልና ሚስት የተኳረፉበት ነገር በሽማግሌ ሲያልቅ አይቼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብያለሁ። ይሄ ግን የሁለት ቤተሰብ ጠብ አይደለም። "ይውሰድሽ" የሚለው ነገር እኮ ከሰማይ አልወረደም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የድሮው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተበዳይዋ ደፋሪዋን በፈቃዷ ካገባችው ክሱን ያስቀርለት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሥራ ላይ የዋለው የአሁኑ ሕግ ይሄን አስወግዶታል። አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ ነገሩ ሲከብድ ደግሞ ከዚያም ይጨምራል። የግል አቤቱታ ሲቀርብ ብቻ የሚታይ ወንጀልም አይደለም፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ የተደረገ እርቅ ዐቃቤ ሕግን አያስቆመውም። ይሄን ሁሉ ለወንድሟ ውጭ ደጃፍ ላይ ቆመን ነገርኩት፣ እሷ ስለፈቀደች። የሱ ጥያቄ ግን ስለ ሕግ አልነበረም። "እህቴ ናት። ለምን ለኔ አልነገረችኝም?" አለኝ፣ ዓይኑ ቀልቶ። "የራሷን ይዛ ነው የቆየችው፣ ያንተን ንዴት የምትሸከምበት ጉልበት አልነበራትም" አልኩት። አጎነበሰ። ማታውን ሽማግሌዎቹን ይዞ ተመለሰ። በማግስቱ ደውሎ የስልክ ካርድ ሞላላት፣ ምንም አላላትም። እሷ ከይቅርታ ቆጠረችው።

ፖሊስ ጋ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው፣ ከእሑዱ ሦስት ሳምንት አልፎ። አላስገደድኳትም፣ አላደፋፈርኳትምም። "ለሽማግሌዎቹ ከመለስኩ ለፖሊስም እመልሳለሁ" አለች። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ላይ የምትሠራ መርማሪ እንድታናግራት ጠየቅን፣ ተገኘች። ፖሊስ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ጻፈ። ያቺ ሐኪም እሑድ ማታ ካርዱ ላይ ያሰፈረችው ሁሉ እዚያው ነበር፣ የዳቦ ቤቱም ከረጢት። ያን ማታ ባንሄድ ኖሮ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰውነት የሚናገረው ነገር አብዛኛው ይጠፋ ነበር።

ስንት ጊዜ እንደተናገረችው ቆጥሬአለሁ። ለኔ አንዴ፣ ለሐኪሟ አንዴ፣ ለመርማሪዋ አንዴ፣ ለዐቃቤ ሕጓ አንዴ። አራት። የሥራዬ ግማሽ ይሄን ቁጥር ዝቅ ማድረግ ነው። በር ላይ ያለው ዘበኛ፣ ተረኛው ፖሊስ፣ የቢሮ ጸሐፊው "ምን ጉዳይ ነው?" ሲል ከሷ ቀድሜ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። በጣም የፈራችው ችሎቱን ነበር፣ ሰው ሞልቶ ሲሰማት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ጉዳዩ በዝግ ችሎት ሊታይ እንደሚችል ይላል። ዐቃቤ ሕጓ እንደምትጠይቅላት ስትነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ።

የተቋሙ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሌላ መንገድ ነው፣ ከፍርድ ቤቱ የተለየ። መጀመሪያ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ሊጠይቅ ፈልጎ ነበር። እንቢ አልን። ጥያቄ ካላቸው በጽሑፍ ይስጡን፣ በጽሑፍ እንመልሳለን አልን። ተስማሙ፣ እስኪጣራ ድረስም ልጁ ዶርም እንዳይገባ አገዱት። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ነው።

ትምህርቱ ላይ ግን ዝም አልልም። ከሐኪም እስከ ዲን ያገኘነው ብዙ ሰው በደግነት "ለምን ዊዝድሮ፣ የትምህርት ማቋረጫውን፣ ሞልታ ቤቷ ሄዳ አታርፍም?" ብሏል። ማረፍ ለሚፈልግ ሰው ዊዝድሮ መልካም ነው። እሷ ግን ዶርሙና ካፌው ሁሉ ነገሯ ነው፣ ቤቷ ብትመለስ ደግሞ ለምን መጣሽ ለሚል መንደር መልስ መስጠት አለባት። በዳይ ተብሎ የተጠረጠረው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እየተማረ እሷ ዕቃዋን ጠቅልላ ስትወጣ፣ ማን ነው የተቀጣው? ይሄን ጥያቄ ለዲኑ በዚሁ ቃል ጠየቅኳቸው። አምስት ኮርስ ነበራት። ሁለቱ መምህራን ምንም ሳይጠይቁ ሜክአፕ ፈተና ሰጧት። አንዱ የሐኪም ወረቀት አለ፣ ቀኑን እንጂ በሽታውን የማይጠቅስ ወረቀት ወሰድንለት፣ ተቀበለ። አራተኛውን ከሌሎቹ ጋር በሰዓቱ ተፈተነች። አምስተኛው ሳይጠናቀቅ፣ ኢንኮምፕሊት ሆኖ፣ ለቀጣዩ ሴሚስተር አለፈ።

28ኛው አራት ነጥብ የመጣው ከዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ነው። በማግስቱም ላከች፣ ክኒኑ አልቆ። እኔም መለስኩላት። የስድስተኛውን ሳምንትና የሦስተኛውን ወር ምርመራ አብረን ሄደናል፣ ውጤቱ የሷ ነው፣ እዚህ የለም።

ዐቃቤ ሕግ ክስ መሥርቷል። ፋይሉ ቀጠሮ ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኢንኮምፕሊቷን ለማስተካከል ለሬጅስትራር ደብዳቤ ያስፈልጋት ነበር። እኔ ልጻፈው ስል ላፕቶፑን ከፊቴ አዞረችና ራሷ ጻፈችው። ሦስት መስመር ነው። አነበበችልኝ፣ አንድ ፊደል አረምኩ። ሁለት ቅጂ አተምን። አንዱን ይዛ ወደ ሬጅስትራር ወጣች። ሁለተኛውን ለአራት አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው፣ ለራሷ።